በሞጁሉ መጨረሻ ያለው ቅጽ

ሞጣ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

...ከኋላ የነበሩት ሦስተኛው ሽማግሌ ጋቢያቸው በአጥሩ እሾህ ተይዞ እያላቀቁ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት «ይቀደድባቸዋል» ብዬ ነው። ሌላ ምንም አላሰብሁም። ሰው ኑሮው ሲገለበጥ የሚያስበው እንዲህ ያለ ነገር ነው። እርስዎ ያስተማሩኝ የሥነ ልቦና ሞጁል ይህን አይጽፍም።

ሰላምታውን ዘልየዋለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ከእሑድ ወዲህ ግን ጤና የሚለውን ቃል ስጽፍ እስክሪብቶው ይቆምብኛል።

እርስዎ ቢቸና ተቀምጠው አላዩትምና ልንገርዎ። ዕለቱ አቦ ነው። ልብስ እያጠብሁ ነበር፤ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ። ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው መካከል ተሰልፈው ቆሙ። የፊተኛው መሪጌታ ሣህለ ማርያም ናቸው። የቤት አከራዬ እማማ አመተ ሥላሴ በርጩማ ይዘው ሮጡ።

«አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ!»

«የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

ይህ ቃል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን እኖራለሁ። እማማ አመተ ሥላሴ ጉዳዩን እስኪሰሙ አልጠበቁም፤ እልልታቸውን አቀለጡት። በአጥሩ ላይ ሰባት ይሁኑ ስምንት ራሶች ብቅ አሉ። አንዷ ሴት «ለማን ነው? ለማን ነው?» ስትል እሰማለሁ።

«እልልታው ይቆየን» አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው የማኅሌት ነው፤ ቀስ ብለው መናገር አያውቁም። «ልጄ፣ አስናቀው ነው ከቢቸና የላከን። ጭንቅ ይዟታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ እህልም አይወርድላትም፣ የትምህርት መጻሕፍቷንም መልሳለች፤ እባካችሁ ድረሱልኝ ብሎ።»

እልልታው ግማሽ ላይ ቆመ። ግማሽ እልልታ ሰምተው ያውቃሉ?

ከሞጁሉ የመጨረሻ ገጽ በኋላ አንድ ቅጽ አለ። «በርቀት መማር ብቸኝነት አለው። የሚያስጨንቅዎ ነገር ካለ ይጻፉልን። የጻፉት በእርስዎና በአማካሪዎ መካከል ይቀራል።» እኔ አመንሁት፤ ሞላሁት፤ ላክሁት። እንቅልፍ፣ እህል፣ ጭንቅ፣ ሦስቱም የእኔ ቃላት ናቸው። በእኔ የእጅ ጽሕፈት ጽፌያቸው ነበር። እሑድ ዕለት በመሪጌታ ድምፅ ሰማኋቸው።

ፊትዎን አይቼው አላውቅም። ጥሩ ነው።

ይርጋነሽ ፋንታ
የሦስተኛ ክፍል መምህርት (እስከ ዛሬ ድረስ)



ቢቸና፣ ጥቅምት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለመምህርት ይርጋነሽ ፋንታ

እንደምን ሰነበቱ። ሰላምታዬን ላይቀበሉት ይችላሉ፤ እኔ ግን ከልማዴ አልወጣም።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሁለት ጊዜ ተናደድሁ። ሦስተኛው ምን እንዳደረገኝ አልጽፍም።

ነሐሴ 20 ቀን አንድ ካርቶን በአውቶቡስ ደረሰኝ። ስድስት ሞጁሎች፣ በሲባጎ የታሰሩ። በላያቸው ላይ «ለሌላ ተማሪ ይሁኑ። አመሰግናለሁ» የሚል ወረቀት። በዚህ ማስተባበሪያ ማዕከል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ተማሪ ሞጁል ይጥላል፣ ያቃጥላል፣ ስኳር ይጠቀልልበታል። አይመልስም። በዚያ ላይ አመሰግናለሁ!

ሞጣ ደብዳቤ በሚቀበልልን በአብዱልዋሂድ ሱቅ በኩል ሦስት ደብዳቤ ላክሁልዎ። እንደተቀበሉ አብዱልዋሂድ ነግሮኛል። መልስ የለም። ስልክ እንዳልደውል የትምህርት ቤቱን ስልክ የሚያነሱት ዳይሬክተሩ ናቸው። ራሴ እንዳልመጣ፣ የማያውቁት ወንድ ብቻዎን ከሚኖሩበት ግቢ ቢገባ የሚባለውን ፈራሁ። (ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ።) የቀረኝ ምንድን ነው? አባቴ የከፋው ሰው ሲኖር ሽማግሌ ይልክ ነበር። አያቴም። መሪጌታ ሣህለ ማርያም ልጅ ሳለሁ ቅኔ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ሞጣ ውስጥ ከእሳቸው በላይ የማምነው የለም። ጓዳ ገብተው፣ በለሆሳስ ያናግሯታል ብዬ ነበር። ሽማግሌ ቆሞ እንደሚለምን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ረሳሁት። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የየጁቤ ተማሪ ነበረን። እሱም ሞጁሎቹን መለሰ። ያኔ ምስጢሩን አክብሬ፣ ማንንም ሳልልክ፣ ደብዳቤውን ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንግዲህ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ላክኋቸው ግን አይደለም። ግቢው መካከል ቆመው ስለተናገሩት ነው።

በሌላ ወረቀት ላይ አሥር ጥያቄዎች አሉ። ቢቆጡም ይመልሱልኝ።

አስናቀው ሰማው
የርቀት ትምህርት ቱቶርና የተማሪዎች አማካሪ



ሞጣ፣ ኅዳር 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአቶ አስናቀው ሰማው

ለጥያቄዎችዎ፦

አንደኛ፣ አዎ። ሁለተኛ፣ በቀን አንዴ፤ አንዳንድ ቀን እሱም የለም። ሦስተኛ፣ ድሮ እወድ ነበር። አራተኛ፣ አይመለከትዎትም። አምስተኛ፣ እንደ አራተኛው። ስድስተኛ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጠመኔ ስይዝ ግን ይተወኛል።

ሰባተኛውን፣ ስለ መኖርና አለመኖር ያለውን፣ ደጋግሜ አነበብሁት። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ይጠየቃል? መልሱ፦ ነሐሴ ላይ፣ አዎ። አሁን፣ የለም። አሁን በእርስዎ በጣም ተናድጃለሁ፤ ለሌላ ነገር ቦታ የለኝም።

ስምንተኛ፣ ማንም። ዘጠነኛ፣ ማንም። አሥረኛ፣ «ከእኔ ምን ይፈልጋሉ» ላሉት፣ ወረቀት።

ዳይሬክተራችን አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ማክሰኞ ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እያፈሩ ነው የተናገሩት።

«ወላጆች መጥተው ነበር» አሉ።

«ስንት ወላጆች?»

«እኔ ምን ልበልሽ፣ ይርጋነሽ... መጥተው ነበር። ልጆቹን ለ... ለዕረፍት ያህል ራዲያ ደርባ ትያዝልሽ። አንቺ ግምጃ ቤት ትሆኛለሽ፤ መጻሕፍቱም የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ሽማግሌዎቹን የላከው አማካሪሽ አይደል? ጤነኛ ናት ብሎ ይጻፍና ይቋጭ። እስከ ኅዳር ሠላሳ። ከዚያ ወዲያ ለወረዳ ካላሳወቅሁ እኔው እጠየቃለሁ። ወረዳ ከገባ ደግሞ ክፍል መመለሱን እርሺው።»

ስለዚህ አሁን የምጽፍልዎ ከግምጃ ቤት ነው። መስኮቱ በሦስተኛ ክፍል ትይዩ ነው። ልጆቹ በኅብረት ሲያነቡ እሰማለሁ። ራዲያ ጎበዝ መምህርት ናት፤ ግን ሁለት ክፍል ይዛለች፤ ሁለቱም ይጮኹባታል።

ያቺ ክፍል ከሌለችኝ ጠዋት የምነሣበት ምክንያት የለኝም። ይህን ቅጽ ላይ እንዳልጻፍሁት ያስቡ።

አንድ መስመር ነው የምፈልገው። «ጤነኛ ናት።» ማኅተም። ያወጡትን ይመልሱ።

ይርጋነሽ



ቢቸና፣ ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለመምህርት ይርጋነሽ

እንደምን አሉ። ለሰባተኛው ጥያቄ መልስዎ አመሰግናለሁ። በእኔ መናደድ የሚጠቅምዎ ከሆነ ይቀጥሉበት፤ እችለዋለሁ።

ወረቀቱን ግን አልጽፍም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። «ጤነኛ ናት» ብዬ ብጽፍ አንድም መብት የለኝም፣ አንድም ውሸት ነው። ያንን ወረቀት ይዘው ክፍል ይገባሉ፤ ሁሉም ይረሳል፤ እርስዎም የረሱ ይመስልዎታል። ከዚያ ነሐሴ ይመጣል። በማኅተሜ ስር ነሐሴ እንዲመጣ አልፈልግም።

ይህን ፈሪነት ይሉታል። ይበሉት።

ባሕር ዳር የዚህ በሽታ ሐኪም አለ። ስሙንና የሚገኝበትን ቀን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። እሱ አይቶ ይጻፍ። አንድ ጠዋት መንገድ ነው፤ አንድ ቀን ፈቃድ ነው። ሂጂ። ግትር አትሁኚ። የየጁቤውም ግትር ነበር፤ እኔ ደግሞ አለመንሁትም። አንቺን ግን እለምናለሁ፣ ሂጂ።

አስናቀው



ሞጣ፣ ኅዳር 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአቶ አስናቀው ሰማው

ከመቼ ወዲህ ነው «አንቺ» የሆንሁት? ደብዳቤው መጀመሪያ ላይ እርስዎ ነበርሁ። መካከል ላይ አንድ ቦታ አነስሁ። ከተማው በሙሉ እንዲሁ አድርጎኛል፤ የሻይ ቤቷ ልጅ እንኳ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ «ቲቸር ምን ልታዘዝ» ትለኝ ነበር፤ አሁን «ሻይ ነው አይደል የኔ እናት» ትለኛለች። በታመመ ሰው ላይ ሁሉም ያዝናል፣ ሁሉም ያዛል።

እማማ አመተ ሥላሴ ጠዋት ጠዋት ጠበል በጀሪካን መስኮቴ ስር ያኖሩልኛል። እኔ አልነካውም። አምስት ጀሪካን ሆኗል።

ከየጁቤው ልጅ ጋር አያጣምሩኝ። አላውቀውም፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፣ ወይም ካለ ዕድሜውን ያርዝም፤ እርስዎ አልነገሩኝም። ግን ሽማግሌ የላኩት ወደ እሱ ነው። አሥሩን ጥያቄ የጠየቁት እሱን ነው። «ሂጂ» ያሉትም እሱን ነው። ሦስት ዓመት ዘግይተው። በመካከል እኔ እጄ አረፋ ሆኖ ቆሜያለሁ።

ትናንት ሀይማኖት የምትባል ተማሪዬ የግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ተንጠለጠለች።

«ቲቸር፣ ታስረሽ ነው?»

«አልታሰርሁም።»

«ታዲያ ለምን አትወጪም?»

«መጽሐፍ እቆጥራለሁ።»

ትንሽ አሰበች። «አብዳለች አሉ። እናቴ ግን አላበደችም ትላለች።»

«ለምን አለች?»

«ያበደ ሰው ደብተር ሙሉ አያርምም አለች። ነጠላ ሰረዝ ሁሉ አርመሻል አለች። ቲቸር ራዲያ ራይት ብቻ ታደርጋለች።»

ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ መሳቄ ደግሞ የበሽታው ይሁን የእኔ ማወቅ አቃተኝ፤ ይኸው እስካሁን አስባለሁ። ይህን ያደረጉብኝ እርስዎ ነዎት፤ አሁን የራሴን ሳቅ እንደ ቅጽ እሞላዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎና ይብቃ። በርቀት የሚማር ሰው መምህሩ ድምፅ የለውም። መጽሐፉ ይጠይቃል፣ መጽሐፉ ይመልሳል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንሁ። አንድ ቀን በቤት ሥራዬ ኅዳግ በቀይ እስክሪብቶ «ይህን ከራስዎ ነው ያመጡት፤ ግሩም ነው» ተብሎ ተጽፎ መጣ። የእርስዎ እጅ ነው። ያን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልናገርም። ቅጹን የሞላሁት በዚያ መስመር ምክንያት ነው። ለኮሌጁ አልጻፍሁም፣ ለአማካሪም አልጻፍሁም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ከአፌ አላወጣሁም፤ በፖስታ አሽጌ ነው የሰጠሁት። ገደል የከተቱት እርስዎ ነዎት።

የሐኪሙን ስም ቀድጄዋለሁ። አልጣልሁትም። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ለመሰረዝም ደክሞኛል።

አሥራ አምስት ቀን ቀርቶኛል።

ይርጋነሽ ፋንታ



ቢቸና፣ ኅዳር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለመምህርት ይርጋነሽ ፋንታ

እንደምን ሰነበቱ። «እርስዎ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ስላዘዙኝ ብቻ አይደለም።

«ሽማግሌ የላኩት ወደ እሱ ነው» ላሉኝ አንድ ሳምንት መልስ ፈለግሁ። ነፍሱን ይማርና ስሙ ትህትና ይባል ነበር። የሴት ስም ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ቅጹ ላይ የጻፈው ይህን ነው፤ ይህን ብቻ። እኔም ቀላል ነገር ነው ብዬ ነበር። አሁን እሱን ለእርስዎ ነግሬ የእሱንም ምስጢር አወጣሁ። ሰው አንዴ ከጀመረ አያቆምም ማለት ነው።

የፊታችን ሐሙስ፣ ኅዳር 28፣ ሞጣ እመጣለሁ። ለአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የምሰጠው ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። የጠየቁት ወረቀት አይደለም። ታማለችም አልታመመችምም አይልም። የሚለው ይህን ነው፦ ይህች መምህርት በምስጢር የጻፈችውን እኔ አማካሪዋ ያለ ፈቃዷ አውጥቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከዚህ ጥፋት በተሰማ ወሬ ማንም በሥራዋ ላይ ሊፈርድ አይገባውም። ግልባጭ ለኮሌጁ። ኮሌጁ ሲያየው እኔን ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። ቅጹንም ከሞጁሉ ያነሡታል ብዬ እፈራለሁ። የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው፤ አያምኑኝም።

እንደሚበቃ አላውቅም። ላይበቃ ይችላል። ዳይሬክተሩ «ታማለች ወይ» ብለው ፊት ለፊት ቢጠይቁኝ ምን እንድመልስ ይፈልጋሉ? ያሉኝን እላለሁ። ውሸትም ቢሆን። እዚህ ደርሻለሁ።

አስናቀው



ሞጣ፣ ኅዳር 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

አይምጡ።



ሞጣ፣ ኅዳር 28 ቀን 1999 ዓ.ም.
ከአብዱልዋሂድ ሱቅ

ይህ የምስክርነት ቃል ነው። ዳይሬክተሩ ነገ ሌላ ቢናገሩ፣ ወይም ወረዳ ቢጠራዎ፣ ያሳዩት። ስለዚህ የሚያውቁትን መልሼ እጽፍልዎታለሁ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ። አብዱልዋሂድ ወረቀትና ወንበር ሰጥቶኛል፤ አውቶቡሱ ሳይነሣ መጨረስ አለብኝ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገባሁ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ጀርባው ባዶ ነው።

«ይኼ ምን ማለት ነው? ታማለች ነው አልታመመችም?»

«አይልም» አልኋቸው።

«እኮ የማይል ወረቀት ይዘህ ከቢቸና ድረስ መጣህ?»

«አዎ።»

«ወንድሜ፣ ይኼን ለወረዳ ባቀርብ ቀጥሎ የሚመረመረው እኔ ነኝ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ መሳቃቸው ራሳቸውን ደስ አላላቸውም። ዘበኛውን «ይርጋነሽን ጥራት» አሉ።

እርስዎ ገቡ። የመጻሕፍት አቧራ ቀሚስዎ ላይ ነበር። ማን እንደሆንሁ ማንም አልነገረዎትም።

«አይምጡ ብዬ ነበር» አሉኝ።

ድምፅዎ ካሰብሁት ይወፍራል። ይህ ለምስክርነት አይጠቅምም።

ዳይሬክተሩ እንዲህ አሉ፦ «እኔ በወረቀት ደከመኝ። ራሷ ትናገር። አንድ ቃል ነው የምፈልገው፤ ከዚያ ለወላጆቹም እሱኑ እነግራቸዋለሁ። ይርጋነሽ፣ ታመሻል ወይስ አልታመምሽም?»

«አልታመምሁም» እንዲሉ እየለመኑዎት ነበር። በዓይናቸው አይቻለሁ። ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔም ዝም እል ነበር። ይህንንም እመሰክራለሁ።

«ታምሜያለሁ» አሉ።

ዳይሬክተሩ ወንበራቸውን ፈለጉ።

«ማስተማርም እችላለሁ» አሉ።

«ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ ይሆናሉ?»

«ሆነው ያውቃሉ። አምና ዓመቱን ሙሉ ታምሜ ነበር። አርባ ስምንቱም ልጆች አለፉ። ሰኔ ላይ እርስዎ ራስዎ በሰልፍ ላይ ጠርተው አመስግነውኛል።»

«ያኔ እኔ አላውቅም ነበር» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አዎ። ያኔ አያውቁም ነበር።»

ውጪ ልጆች ማባዛት ይቆጥሩ ነበር፤ ስድስት ላይ ተሳሳቱ፣ እንደገና ጀመሩ። እርስዎ ራስዎን ወደዚያ ሲያዘነብሉ አየሁ።

«ሰኞ ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አሉ። «ፈቃድ የምጠይቀው ለሰኞ ብቻ ነው።» ለእሳቸው ነው የተናገሩት። ወደ እኔ አልዞሩም።

«ነገሩን እናየዋለን፤ በኮሚቴ... እስከዚያው ግምጃ ቤቱን...» ብለው ጀመሩ ዳይሬክተሩ።

አልጨረሱም፤ ወይም እርስዎ አልጠበቁም። ከጠረጴዛው ላይ ካለው የጠመኔ ሣጥን ሁለት ነጭ አንሥተው ወጡ።

ዳይሬክተሩ «አስቁማት እንጂ! አማካሪዋ አንተ አይደለህ?» አሉኝ። ወጣሁ። ላስቆምዎ አልነበረም። ለምን እንደተከተልሁ አላውቅም፤ ይህም ይጻፍ። ሜዳውን በቀጥታ አቋረጡት። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ቆመው አዩዎት። ራዲያ ብቅ አለች፤ ቀና ብላ ከኋላ የምመጣውን እኔን አየች፣ ከእኔም ኋላ ዳይሬክተሩን፤ ደንገጥ አላለችም።

«ስድስት ላይ ነን፤ ሰባትን አልነካሁባቸውም» አለችና ዳስተሩን ሰጠችዎት፤ በአጠገቤ አልፋ ወደ ራሷ ክፍል ሄደች።

እርስዎ ገቡ። ልጆቹ ተነሡ። ተነሥተው ግን «እንደምን አደሩ» አላሉም፤ ምን እንደሚባል አላወቁም። ጠመኔውን ያዙ። እጅዎን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም።

ዳይሬክተሩ ሜዳው መካከል ደርሰው እየጠሩ ነበር፤ ስምዎን ይሁን ስሜን አልለየሁትም። እኔ ለበሩ ደፍ ሁለት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። ከቢቸና ጀምሮ ስደጋግመው የመጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ አፌን ከፈትሁ። ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ፤ ልጆቹ ከኋላዎ ቆመው።

በሩን ዘጉት።